ላብ ነው

አዲሱ የሽንት ቤት መቀመጫ ከተተከለ ወዲህ ከሥሩ ውሃ ጠፍቶ አያውቅም። ብዙ አይደለም፤ አንድ ጨርቅ የሚያረጥብ ያህል ነው። የቤቱ እመቤት ግን የሰው ቢሮ ስትወለውል ውላ፣ ወገቧን ይዛ ቤቷ ስትገባ ያቺው ኩሬ ትጠብቃታለች።

የተከለው የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። እንደ ባዳ ሠራተኛ አትጮህበት ነገር፣ ዘመድ ሆነባት። በደወለችለት ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ "እትዬ፣ ማፍሰስ አይደለም፣ ላብ ነው። አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ያልበዋል።" ባሏም "ላብ ነው አለ እኮ" እያለ ኩሬውን ተሻግሮ ያልፋል።

እሁድ ዕለት ይኸው ዋርሳዋ ሊጠይቃቸው መጣ። ሰላም ብሏት ሳይጨርስ የረጠበውን ጨርቅ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ላብ..."

"እኔም ሲያልበኝ ነው የምውለው" አለችው ድክም ባለ ድምፅ። "ግን ከኋላዬ እየተከተለ የሚወለውልልኝ ሰው የለም።"

ሰውዬው ጨርቁን እንደያዘ ተንበረከከና ከመቀመጫው ጀርባ ያለውን የውሃ ቱቦ ማጥበቂያ ዳዶ በሁለት ጣቱ ነካ አደረገው። መፍቻ እንኳ አላስፈለገውም፤ ዝም ብሎ ዞረለት።