ጫካ ውስጥ የተከልነው እንሰት

መጀመሪያ ያስጠረጠረን ከመንግሥት የተላከው ሰውዬ ገመድ አለመያዙ ነው። በዚያ ዘመን መሬት የሚለካ ሰው ቃላድ የሚባለውን የመለኪያ ገመድ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሁለት ሰው ገመዱን ከዳርና ከዳር ይወጥራል፣ አንዱ ይቆጥራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል። ክፉም ቢሆን የሚታይ ነገር ነው፤ የት ላይ እንዳታለሉህ ቆመህ ታያለህ። ይህ ሰው ግን ከበቅሎው ላይ ያወረደው ሦስት እግር ያለው ጠረጴዛ፣ አንድ ጥቅል ወረቀትና የቀለም እርሳሶች ነበር። ከኮረብታ ላይ ቆሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ እኛ ያያል፣ መስመር ያሰምራል፣ ከዚያ ጠረጴዛውን አስነሥቶ ወደ ሌላው ኮረብታ ይሄዳል። መሬታችንን ሳይረግጠው ይለካዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ያምናል?

ጊዜው ጠላት አገራችን ሊገባ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀረው ነው። እኔ ከሶዶ ወጥቼ ከጉኑኖ በላይ ባለ መንደር ካገባሁ ገና ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር ነው፤ እናቴ የወላይታ ሴት ናት። አፌን የፈታሁት በሁለቱም ቋንቋ ነው። ይህ ለከተማ ጸጋ ነበር፤ ለመንደሩ ግን አልሆነም። ባሌ ይወደኛል፤ አማቴም፣ የባሌ አባት፣ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ሴቶቹ ግን ምንጭ ዳር ተቀምጠው ሲጫወቱ እኔ ስደርስ ወሬው ይለወጥና ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራሉ። ዓመት ሙሉ ስለ ዝናብ ብቻ የሚወራበት መንደር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ምንጩ የሚወጣው ከቤታችን በላይ ካለው ጫካ ሥር ነበር። ዝግባው፣ ወይራውና ዋንዛው እርስ በርሱ ተጠላልፎ በቀትር እንኳ ውስጡ ጨለምለም ይላል። የአማቴ አባትና አያት እዚያ ተቀብረዋል፤ ጫካውን የሚጠብቁትም አማቴ ነበሩ። ያለ እሳቸው ፈቃድ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ የለም፤ በንፋስ የወደቀ ዛፍ እንኳ መጀመሪያ ለእሳቸው ይነገራል። ነገር ግን ሰው አይኖርበትም፣ አይታረስም። ሰው የማይኖርበትና የማይታረስ መሬት በመንግሥት ዘንድ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ጠፍ ይባላል፤ ጠፍ የተባለ መሬት ደግሞ ለተፈለገው ሰው ይሰጣል።

ይህን ከሁሉም ይልቅ የማውቀው እኔ ነበርኩ። የተወለድኩበት ቤት የቆመው ጠፍ ተብሎ ለአባቴ በተሰጠ መሬት ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ አንዲት ሴትዮ በየጊዜው እየመጣች ከአጥራችን ውጪ ቆማ ጓሮአችንን ታይ ነበር። አትለምንም፣ አትናገርም፤ አይታ ትሄዳለች። እናቴን ማን ናት ብዬ ብጠይቃት መሬቱ የእነሱ ነበር አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ወረቀት የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር ያቺ ሴትዮ ትታየኛለች።

የሰውየውን አስተርጓሚ ወባ ጥሎት ጉኑኖ ቀርቶ ነበር። የመንደራችን ጭቃ ሹም አማርኛ አውቃለሁ ይል ነበር፤ የሚያውቀው ግን «አምጣ»ንና «ቁም»ን ብቻ መሆኑ በመጀመሪያው ቀን ተገለጠ። ስለዚህ እኔ ተጠራሁ። ከመንግሥት ሰው ጎን ቆሜ አማርኛ ስናገር የሴቶቹ ዓይን ጀርባዬ ላይ እንዳለ ሳልዞር አውቅ ነበር።

ሰውየው በዚያው ቀን ከጫካው መሐል ረጅሙ ዝግባ ላይ ሰው አስወጥቶ ነጭ ጨርቅ አሳሰረ። ከሩቅ ኮረብታ እንዲታየኝ ነው አለ። ሰዉ ግን ዛፉ ሊቆረጥ ምልክት ተደረገበት አለ፤ በማግስቱ ጨርቁ የለም። ሌላ አሳሰረ፤ እሱም ጠፋ። ሦስተኛውን ሲያሳስር ሁለተኛው ጨርቅ የጭቃ ሹሙ እናት ራስ ላይ ተጠምጥሞ አየሁት፤ ሰውየውም ሳያየው አልቀረም። ፈገግ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። መንግሥት የላከው ሰው ተሰርቆ ካልተቆጣ ሊወስደው ያሰበው ትልቅ ነገር ቢኖር ነው ተባባልን።

እሱም ቢሆን እኛን አያምንም ነበር። የአንዱን ወንዝ ስም ለሦስት ሰው ለየብቻ ይጠይቃል፤ ሦስቱም አንድ ካልሆኑ አይጽፍም። እኔ መሐል ቆሜ የሁለቱንም ወገን ጥርጣሬ አስተረጉማለሁ።

በሦስተኛው ቀን ውሃ ስቀዳ ምንጩ ዘንድ መጣ። እጁን ታጠበ፣ ጠጣ፣ ከዚያ ወረቀቱን ድንጋይ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። ወንዙን አየሁት፤ የእኛን ምንጭ በሰማያዊ ነጥብ አድርጎታል። ከወንዙ ማዶ ያለው ጫካ አረንጓዴ ተቀብቷል። የእኛው ገና ነጭ ነበር።

«እህቴ፣ ይህን ለሽማግሌዎቹ ንገሪልኝ» አለ። «አረንጓዴ የተቀባ ቦታ ላይ ማንም ምሳር አያነሣም፤ የምትገብሩለት መልከኛም ቢሆን። የውሃ መውጫ ላይ ያለ ዱር እንዲጠበቅ ታዟል። ጠባቂዎቹም እነሱው ይሆናሉ። ዱር ነው ብለው ይመስክሩልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እሺ ጌታዬ ብዬ እንስራዬን አዝዬ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ቃሉን ይዤ ብገባ፣ ያው የእነሱው ልጅ ናት፣ አባብለሽ አስወስጂ ተብላ ነው እባላለሁ። ውሸት ሆኖ ጫካው ቢወሰድ ደግሞ አፍ የሆንኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኩትም። አባቴ ዘንድ ይመጡ የነበሩት ጸሐፊዎችም እንዲሁ ለስላሳ አንደበት ነበራቸው።

ሲመሽ አማቴ እሳት ዳር ተቀምጠው ጠየቁኝ።

«ያ ሰው ምንጩ ዘንድ ምን አለሽ?»

«ምንም አላለኝም» አልኳቸው። «ውሃ ጠጥቶ ሄደ።»

እሳቸው ቀና ብለው አዩኝ። አስተያየታቸው ስላስፈራኝ ይመስለኛል፣ ሳልጠየቅ ሐሳብ አመጣሁ። በወላይታ እንሰት ካለ ቤት አለ ማለት ነው፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ እንሰቱ ሰው እንደነበረበት ይመሰክራል። ስለዚህ ጫካው ውስጥ እንሰት ብንተክልስ አልኩ። ሰውየው ጓሮ ነው ብሎ ይጽፈዋል፣ ጓሮ ደግሞ ጠፍ አይባልም። አማቴ እሳቱን ጥቂት ቆሰቆሱና ሳቁ። ባሌ እንደ አዲስ ሰው አየኝ። እኔም በጣም ደስ አለኝ።

በማግስቱ ሰውየው ወንዝ ተሻግሮ ሲሠራ እኛ በጠራራ ፀሐይ ተከላ ገባን። እያንዳንዱ ቤት ከጓሮው ነቅሎ አመጣ። ወንዶቹ ሲቆፍሩ እኛ ሴቶች እንሰቱን ተሸክመን በመንገዱ በኩል ያለውን የጫካውን ክፍል ሞላነው። ሴቶቹ ያን ቀን በፊቴ ስለ ባሎቻቸው አወሩ፣ ስለ ጭቃ ሹሙ እናት አወሩ፣ አንዷማ ስለ ራሴ አማት የማላውቀውን ነገረችኝ። ስለ ዝናብ አንድም ቃል አልተነሣም።

አንድ ነገር ግን አበላሸን። እንሰት ሲዛወር ቅጠሉ ይቆረጣል፤ አለዚያ ሥሩ ሳይዝ ቅጠሉ ይጠወልጋል። እኛ ቅጠሉ ከሩቅ እንዲታይ ስለፈለግን አልቆረጥነውም። ባሌ ይጠወልጋል ብሎ ነበር፤ ሰውየው አይቶ እስኪሄድ ይበቃል አልነው።

ሰውየው ከሁለት ቀን በኋላ መጣ። አማቴ፣ ባሌ፣ ጭቃ ሹሙና እኔ ተከተልነው። በእንሰቱ መሐል ገብቶ ቆመ። ቅጠሉ ሁሉ ተንጠልጥሏል። አንዱን በሁለት ጣቱ ይዞ ገለበጠውና ወደ እኔ ዞረ።

«በእኛም አገር እንሰት አለ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እናቴ ስታዛውር ቅጠሉን ትቆርጠዋለች።»

አማቴ ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ። እንሰቱ ጥሩ ነው ይላል አልኳቸው።

«ባለፈው የሄድኩበት አገር ሰው ጓሮዬ ነው ያለኝን ዱር ብዬ ጽፌ መሬት ነጣቂ ተብያለሁ» አለ ሰውየው። «ከዚያ ወዲህ የምጽፈው የነገሩኝን ነው። ያልኩሽን ነግረሻቸዋል አይደል? ጓሮ ነው ወይስ ዱር?»

ወደ አማቴ ዞሬ፣ ጓሮ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል አልኩ። ከጠየቀው ውስጥ ያን ብቻ መርጬ ነገርኳቸው። አማቴ የሚናገሩትን ቀድመን ተማክረንበታልና ሳያመነቱ መለሱ።

«ጓሮ ነው ይላሉ» አልኩት።

ሰውየው ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ለጓሮ የሚጠቀምበትን ቡናማ እርሳስ አውጥቶ ነጩን ቦታ ቀባው። በዚያው ቀን በቅሎውን ጭኖ ወረደ፤ እኛም ጫካችንን አዳንን ብለን ተደሰትን። ባሌ ተክሉ እንዳይሞት ብሎ ቅጠሉን ሁሉ ዞሮ ቆረጠው።

በሚቀጥለው በጋ መልከኛው ሶዶ ላይ ቤት ሊሠራ እንጨት ፈለገ። ሰዎቹ ምሳር ይዘው መጀመሪያ የሄዱት ወንዙ ማዶ ወዳለው ጫካ ነበር። የሆነውን ከኮረብታው ላይ ሆነን አየን፤ የዚያ መንደር ሽማግሌ ማኅተም ያለበት ወረቀት አሳይቶ መለሳቸው። ከዚያ ወንዙን ተሻግረው ወደ እኛ መጡ።

አማቴ ከመንገዱ መሐል ቆሙ። ይህ ዱር ነው፣ አባቶቼ የተቀበሩበት ነው በይልኝ አሉኝ። አልኩ። የመልከኛው አዛዥ እኔን እንጂ እሳቸውን አላየም።

«ዱር ቢሆን ኖሮ ባልነካነው ነበር፤ የማዶውን መቼ ነካነው? ወረቀቱ ጓሮ ይላል። የገባር ጓሮ ላይ ያለ ዛፍ ደግሞ የጌታው ነው።»

ይህን ግን ቃል በቃል ተረጎምኩ። የምደብቅበት አቅም አልነበረኝም። አማቴ ሰሙ፣ ወደ እኔ ለአንድ አፍታ አዩ፣ ከመንገዱ ገለል አሉ። ስድብ ቢያወርዱብኝ እመርጥ ነበር። ዝግባው ሲወድቅ ሦስተኛው ነጭ ጨርቅ እላዩ ላይ ነበር፤ ያን ማንም ሳይሰርቀው ቀርቶ ኖሯል።

ምንጩ በመጀመሪያው ዓመት ቀጠነ፣ በሁለተኛው በበጋ ቆመ። እኛ ሴቶች ውሃ ፍለጋ እስከ ወንዙ እንወርድ ጀመር። እንሰቱ ግን ያዘ። ዛፉ ከተነሣለት በኋላ ፀሐይ አግኝቶ ከቤታችን ጓሮ እንሰት ይልቅ ወፈረ። የዋሸሁት እውነት ሆነ፤ ቦታው ጓሮ ሆነ፣ የአማቴ አባቶች መቃብርም በእንሰት መሐል ቀረ።

ጠላት ከገባ በኋላ ነው ያን እንሰት የፋቅነው። ሴቶቹ ሁሉ ተሰብስበን ግንዱን ጥለን ሳንቃ ላይ እየፋቅን ነበር። የአማቴ ዓይን ደክሟል፤ በፊት ጥላ በነበረበት ቦታ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የመፋቂያውን ድምፅ ያዳምጡ ነበር። ከባሌ ጋር ስለ ጦሩ ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ እንደ ተራ ወሬ አድርገው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ያ ሰው ምንጩ ዘንድ ምን አለሽ?»

ያው ጥያቄ ነው፣ በዚያው ቃል። ያን ሁሉ ዓመት በሆዳቸው ይዘውት፣ ከእጄ እየበሉ፣ ልጆቼን ጉልበታቸው ላይ እያስቀመጡ ኖረዋል። ቢቆጡኝ እችለው ነበር፤ ይህን ያህል መቻላቸው ነው የከበደኝ። የሴቶቹ መፋቂያ ሁሉ ቆሟል። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ የሴቶቹን ፊት አየሁ።

«ምንም አላለኝም፣ አባባ» አልኩ። «ውሃ ጠጥቶ ሄደ።»

አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሴቶቹ አንዷ መፋቂያዋን አነሣችና ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ አለች።