ሁለት ጣት፣ ግን የማን?

ትናንት ከሰዓት፣ መርካቶ ሰባተኛ ሰፈር፣ አባቴ የሚሠራበት በር ላይ፣ የሰው ሞተር ቁልፍ ሰረቅሁ... አዎ፣ እኔ። ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ መሬት መሬት የማየው ልጅ።

አባቴ ሞተር ሳይክል ይጠግናል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ አብሬው ነው የምውለው። ቡሎን አጥባለሁ፣ መፍቻ አቀብላለሁ... ከሰው ጋር አላወራም።

ትናንት ጠዋት አንድ ትልቅ ሞተር መጣ። ግራና ቀኙ ሣጥን የታሰረበት፣ አገር ለአገር የሚዞሩበት ዓይነት። ባለቤቱ ሽበታም ሰው ናቸው።

«ፍሬን ስይዝ ፊቱ ዘጭ ይላል። ጉድጓድ ሲያገኝማ ብረት ከብረት ጓ! ነገ ባለቤቴን ከኋላ አስቀምጬ ጅማ ልሄድ ነው፤ የጊቤን ቁልቁለት በዚህ አልወርድም» አሉ።

አባቴ የፊት ጎማውን የያዙትን ሁለት እግሮች ከፍቶ አሮጌውን ዘይት ደፋ። ውስጣቸው ያለው ሞላ ደክሟል። የዚህ ሞተር አዲስ ሞላ ደግሞ መርካቶ ቢገለበጥ አይገኝም። ያለው መላ ከሞላው በላይ የሚቀመጠውን ቱቦ ማስረዘም ነው፤ ያኔ ሞላው ይጫንና ይጠነክራል።

አሮጌውን ቱቦ ሰጠኝ። «ሀያት፣ ምን አለሽ ተራ ሂጂ። ከዚህ ሁለት ጣት የሚረዝም፣ ሁለት ፍሬ አስቆርጪ።»

እኛ ጋ ሜትር የሚያወጣ የለም። ሁሉም ነገር በጣት ነው፣ በስንዝር ነው። ብቻዬን ለሥራ ሲልከኝ ግን የመጀመሪያው ነበር።

ብረት ቆራጩ ቀና ሳይል «ሁለት ጣት? የማን ጣት?» አለኝ።

አፌ አልታዘዝ አለኝ። ጣቶቼን ቱቦው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩ።

«ይቺ ጣት ናት? ይቺማ ስፒል ናት!» ብሎ ሳቀና ቆረጠው። ሁለተኛውን ሲለካ ግን ከጎረቤቱ ጋር እያወራ የራሱን ጣት ጋደም አደረገ። የብረት ቆራጭ ጣት... አየሁት። «ቆይ» ልል አፌን ስከፍት ግራይንደሩ ጮኸ። አለቀ።

መንገዱን ሙሉ ሁለቱን ጎን ለጎን እያቆምኩ አያለሁ። አንዱ ይበልጣል። ልመለስ? ይስቅብኛል። ለአባቴ ልንገረው? ሁለተኛ አይልከኝም። እንዲህ ስል ደረስኩ።

አባቴ እጁን ዘረጋ። አንዱን ሰጠሁት። ከተተው፣ ዘይት ሞላው፣ አጠበቀው። ከዚያ ሌላውን። ጎን ለጎን አላያቸውም... አምኖኛል። ከቁጣው እሱ ባሰብኝ።

ሰውየው ዞር ዞር ብለው ሞክረውት መጡ። «ጓ የሚባል የለም! እጅህ ይባረክ!» አባቴ ሲመሰገን እንደሚያደርገው ጺሙን ነካ ነካ አደረገ። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ የታጠበ ቡሎን መልሼ አጠብኩ። የማላውቃቸው ሚስታቸው ከኋላ ተቀምጠው፣ ባላቸውን አቅፈው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ይታዩኛል።

ሰውየው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሉ ቁልፉን ኮርቻው ላይ ተዉት። እጄ ሄደች። ወላሂ፣ አስቤበት አይደለም።

«ቁልፌስ?»

ኪስ ተፈተሸ። የዕቃ ሣጥኑ ተዘረገፈ። ጎረቤታችን ያሉት ነጋዴ ሳይቀሩ መጡ። እኔ ቁልፉን ጨብጬ እንደ ግንብ ቆሜያለሁ። ከዚያ ነጋዴው በሩ ጥግ ማዳበሪያ ላይ ወዳረፉት ተሸካሚ ዞሩ። «ጋሽ በድሩ፣ እስቲ ይነሱ። ኪስዎን እንይ።»

«እኔን ነው? ሃያ ዓመት የሰው ዕቃ ስሸከም...» ብለው ሳይጨርሱት ተነሱ። ሁለቱን ኪሳቸውን ወደ ውጭ ገለበጡ። ትንሽ ቆሎ መሬት ላይ ፈሰሰ።

ያኔ ነው ድምፄ የወጣው።

«እኔ ጋ ነው!»

ጮኼ ነበር። ሰባተኛ ሙሉ የሰማኝ መሰለኝ። እጄን ከፈትኩ፤ ቁልፉ መዳፌ ላይ ምልክቱን አትሟል።

አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ። «ሀያት... ምን ሆነሻል?»

«አባ፣ እንዳይሄዱ። ቱቦዎቹ እኩል አይደሉም። አንዱ በኔ ጣት ነው፣ አንዱ በብረት ቆራጩ ጣት።»

«ሞክሬው ደህና ነው እኮ!» አሉ ባለ ሞተሩ።

«ብቻዎን ነበሩ ጋሼ፤ ባለቤትዎም ሻንጣዎም አልነበሩም» አለ አባቴ። መፍቻ አንስቶ ሁለቱንም እግሮች ከፈተና ቱቦዎቹን ጎን ለጎን አቆማቸው። አንዱ በጥፍር ያህል ይበልጣል። «ጭነቱን አንዱ እግር ብቻውን ይሸከመው ነበር...» አለ፣ ለራሱ።

ረጅሙንም አጭሩንም ይዞ ራሱ ሊሄድ ተነሳ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ፤ እጄ ላይ አስቀመጣቸው።

«ሂጂ፣ እኩል አስደርጊያቸው። አልሰማም ካለሽ እንደ ቅድሙ ጩኺበት።»

ከመሄዴ በፊት ጋሽ በድሩን ይቅርታ ልጠይቃቸው ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ግን ዓይናቸው ፈጦ ነው የሚያዩኝ።

«ልጄ፣ ለካ ትናገሪያለሽ? እኔኮ መናገር የማትችይ መስሎኝ ስንት ዓመት በእጄ ነው ሰላም የምልሽ!»

ዛሬ ጠዋት «እንዴት አደርሽ ሀያት!» ብለው በአፋቸው ሰላም አሉኝ። እኔ ግን... በእጄ መለስኩላቸው።