ለልጄ ጆሮ የተለማመድኩት ድምፅ

እኔ ቀስ ብሎ ማውራት አልሆነልኝም። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሽመና ክፍል ነው የምሠራው። እዚያ ማሽኖቹ ከተነሡ ሰው የሚሰማህ ጆሮው ሥር ገብተህ ስትጮህ ነው። ራቅ ካለ ደግሞ ከንፈር እያዩ መግባባት ነው። ባለቤቴም ፊት ለፊቴ ካለው ማሽን ላይ ነበረች። "ታገቢኛለሽ?" ያልኳት ድምፅ ሳላወጣ ነው፤ እሷም በከንፈሯ "ሽማግሌ ላክ" አለችኝ። ድምፄን በቅጡ የሰማችው ከተጋባን በኋላ ነው፣ ምስኪን!

የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እናቷ ቤት ገባች። እኔም በእረፍቴ ቀን በሚኒባስ ደሴ እየወጣሁ እጠይቃት ጀመር። በሩ ላይ ቆሜ "አሰላሙ አለይኩም!" ስል ጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታውን ይመልስልኛል። አማቴ ግን ጆሯቸውን ይዘው "ያ አላህ! አንተ ልጅ፣ ቤቱን ልታፈርሰው ነው?" ይላሉ።

አንድ ቀን ቁርጡን ነገሩኝ። "ልጁ ሲወለድ ጆሮው ላይ አዛን የሚለው ሌላ ሰው ነው። አንተ ካልክበትማ ደንቁሮ መቅረቱ ነው።"

ደሜ ፈላ። እርግዝናው የሷ፣ ምጡም የሷ፤ ገንፎውን እንኳ የሚያገነፉት ሴቶቹ ናቸው። ለአባት የተተወችለት ይህቺ አንዲት ነገር ናት፣ የሶላቱን ጥሪ በአራስ ልጁ ጆሮ ማለት፤ እሷንም ሊቀሙኝ! ልጄ ገና ዓለምን ሲያይ የእኔን ድምፅ እንዲሰማ ስንት ወር ስመኝ ኖሬያለሁ።

"ወላሂ እኔው ነኝ የምለው!" ብዬ ጮህኩ። አማቴም "ይኸው፣ ይህንኑ አይደል የምልህ?" አሉኝ።

የደረሱልኝ የሚስቴ አባት ናቸው። "አብሽር" ብለው እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። እዚያ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ አለች።

"ይቺን ሳታስደነግጥ ደህና ዋልሽ በላት" አሉኝ።

"አባባ፣ ለዶሮ?"

"ለዶሮ። እሷ ከቻለችህ ሕፃንም ይችልሃል።"

አቀርቅሬ፣ በእኔ ቤት በሹክሹክታ፣ "ደህና ዋልሽ?" አልኳት። ዶሮዋ እንቁላሏን ጥላ አጥሩን ዘለለች። አማቴ ከጓዳ "ዶሮዬን ምን አደረጋችኋት?" እያሉ ወጡ። ሽማግሌው ግን ተስፋ አልቆረጡም። በመጣሁ ቁጥር ጓሮ ይዘውኝ ይገባሉ፤ ጎረቤት በአጥር አሾልኮ እያየ ይስቃል። እኔ ጎንበስ ብዬ ዶሮዋን ስለ ጤናዋ እጠይቃለሁ። በኋላ ዓይኗን እንኳ ሳትገልጥ ትሰማኝ ጀመር። "ሹፍ! ደርሰሃል" አሉኝ አባባ፣ ከእኔ በላይ ደስ ብሏቸው።

ምጡ የመጣው እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ነው። እዚያ ስልክ ቢጠራም አይሰማም። አለቃዬ መጥቶ ጆሮዬ ሥር "ሴት ልጅ!" ብሎ ጮኸብኝ። እንዴት ደሴ እንደደረስኩ እኔም አላውቀውም።

ሆስፒታል ክፍሏ ውስጥ ስገባ ባለቤቴ ጋደም ብላለች፣ አማቴ ሕፃኗን ታቅፈዋል። አባባ በዓይናቸው ሲለምኗቸው ጊዜ ፈራ ተባ እያሉ ሰጡኝ። "ዋ! ቀስ ብለህ" አሉ። እንዴት ያለች ትንሽ ጆሮ መሰለቻችሁ! አፌን አስጠግቼ ጀመርኩ፤ ድምፄ ግን አልወጣም። እንባዬ ቀደመኝ። ከንፈሬ ብቻ እየተንቀሳቀሰ እስከ መጨረሻው ደረስኩ።

"ምነው ዝም አለ?" አሉ አማቴ። "እኔ ብያለሁ፤ በሉ ሌላ ሰው ይጠራ፣ እሱ አላለም።"

"ብሏል እማዬ" አለች ባለቤቴ ከአልጋው ላይ። ዓይኗን ከከንፈሬ አልነቀለችም ነበር። "አንድም አላስቀረም፤ ሁሉንም ሲል አይቻለሁ።"

አማቴ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ። በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"ልጅቷ ገና ከንፈር ማየት አልተማረችም" አሉኝ። "በል ድገምላት፣ ጮክ ብለህ።"