የአያ ሙሀመድሰይድ ስልክ የያዘው ድምፅ

ጎብዬ ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ የሚጠራው አያ ሙሀመድሰይድን ነበር። በሽምግልና ደንባችን ባልና ሚስት ለየብቻ ይሰማሉ፤ አንዱ በምስጢር የተናገረው ለሌላው አይደርስም። አብሬያቸው ለዓመታት ለሽምግልና ተቀምጫለሁ፤ የሰሙትን ለሚስታቸው ለሀሊሜ እንኳ ትንፍሽ አይሉም ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ልጃቸው ከሳዑዲ ስልክ ላከላቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሚሞሪው ሞልቶ መንዙማ አልጭን አለ። በገበያ ቀን ቆቦ ሄደው ከራቢዓ የሞባይል ሱቅ ገቡ።

«አያ፣ እዚህ ውስጥ ስም የሌለው ድምፅ ታጭቋል፤ የተጻፈበት ቁጥር ብቻ ነው። ምንድን ነው?» አለች ራቢዓ።

«ልጄ የጫነልኝ መንዙማ ይሆናላ። ክፈችውና እንስማው።»

«ማዳመጫ ልስጥዎት?»

«መንዙማ ተደብቆ ይሰማል እንዴ? በትልቁ ልቀቂው።»

ራቢዓ ስቃ በሩ ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘችው።

የወጣው የአብርሃም ድምፅ ነበር። አብርሃም፣ መካን እየተባለች ስትታማ የኖረችው የታንጉት ባል ነው፤ የፍቺ ጉዳያቸው በዚያ ሰሞን እኛው ዘንድ ነበር። «አያ፣ ሐኪሙ መውለድ የማትችለው አንተ ነህ ብሎኛል። ለእሷ እንዳይነግሩብኝ።» ቀጥሎ የራሳቸው የአያ ሙሀመድሰይድ ድምፅ፣ «ወላሂ፣ ከእኔ አይወጣም» ሲል መንገዱ ሁሉ ሰማ።

ራቢዓ ገመዱን ነቀለችው። ማሽላ ሻጮቹ አቀረቀሩ፤ አንዱ ግን «ሽማግሌው ሬዲዮ ከፍተዋል» አለ።

«ስልኩ ሲደወል የሚያወሩትን ሁሉ ራሱ ይቀዳል፣ አያ» አለች ራቢዓ በቀስታ።

«ሁሉንም አጥፊው» አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

ወሬው ቀድሟቸው ጎብዬ ገባ። በሚቀጥለው ሸንጎ ከሽማግሎቹ ጋር አልተቀመጡም። ይቅርታ እንደሚለምን በዳይ ድንጋይ ተሸክመው ከአብርሃም ፊት ቆሙ። ስንቱን ድንጋይ ያሸከሙ ሰው ነበሩ፤ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም።

«ያውርዱት፣ አያ» አለ አብርሃም። «የደበቅሁት እኔው ነኝ።»

ታንጉት ከወዲያ ተነሣች። «ታገሺ ልጄ፣ ፈጣሪ ይሰጥሻል ሲሉኝ ያውቁ ኖሯል?»

«አውቅ ነበር።»

አብርሃም ሊያወርድላቸው እጁን ቢዘረጋ ከለከሉት። «እሷ ታውርደው» አሉ።

ታንጉት ድንጋዩን ሳትነካው ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰው ለሽምግልና ሲጠራቸው፣ «የሚታመን ፈልጉ» ብለው ይመልሳሉ።