ድንበር ያለው ፍራሽ

ድውም! ድውም! ድውም!

ያን ጊዜ የዚያ ሰፈር ሰው ከእንቅልፉ የሚነሣው በዚህ ድምፅ ነበር። ከገበያው በስተጀርባ፣ በአንድ ረጅም ክፍል ውስጥ፣ ጥጥ የሚነደፍበት የደጋን ጅማት ይርገበገባል፤ ጥጡም እንደ ጉም ብን ይላል። በጉሙ መካከል አፍና አፍንጫዋን በሻሽ የሸፈነች፣ ቅንድቧ ነጭ የሆነ ሴት ቆማለች። ቅንድቧን ያሸበተው ዕድሜ አልነበረም፤ ጥጥ ነው። «ማታ ፊቷን ስትታጠብ ኮረዳ ትሆናለች» እያሉ ጎረቤቶቿ ይቀልዱባት ነበር።

ፍራሽ አዳሽ ናት። ሰፈሩ «እመቤት ደጋን» ይላታል። ሙያውን ያስተማሯት አባቷ «ፍራሽ ማለት ሜዳ ነው፤ እንቁላል ብታስቀምጪበት የማይንከባለል» ይሏት ነበር። ቃላቸውን ጠብቃለች። የጨረሰችውን ፍራሽ ወለል ላይ ዘርግታ፣ በደረቷ ተኝታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ትቃኘዋለች። ትንሽ ጉብታ ካየች ስፌቱን ተርትራ እንደገና ትጀምራለች። «በእኔ ፍራሽ ላይ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ሐኪም ጋ ይሂድ» ማለት ትወድ ነበር፤ እንዲህ ስትል ታዲያ የሚከራከራት አልነበረም። በከተማው በእጇ ያላለፈ አልጋ ጥቂት ነው።

የከተማውንም ታሪክ ቢሆን የምታውቀው ከፍራሽ ሆድ ነው። ሌላው ሰው ከሽማግሌ አፍ የሚሰማውን እሷ ስፌት ተርትራ ታገኘዋለች። በድርቁ ዘመን የተሞላ ፍራሽ ሲከፈት ጭድ ይዘረገፋል። በጦርነቱ ዘመን የተሞላው የወታደር ካፖርት ቁራጭ፣ አንዳንዴም ከነቁልፉ፣ ይወጣዋል። የክር ፋብሪካው የተከፈተ ጊዜ ደግሞ ድሀውም ሀብታሙም በአንድ ዓይነት ባለቀለም የክር ብጣሽ ላይ ተኛ፤ የዚያ ዘመን ፍራሽ ሆዱ እንደ ቀስተ ደመና ነው። የሰው ገመናም ያጋጥማታል። ያገኘችውን ለባለቤቱ መልሳ ዝም ነው። ወሬኞች ሲጎተጉቷት «አፌንም የሰፋሁት በዚሁ ሲባጎ ነው» ትላቸዋለች።

አንድ ጠዋት አንድ የአውቶቡስ ሾፌር አሮጌ የጥጥ ፍራሽ ተሸክሞ መጣ። አባቱ ከሞቱ ወራት አልፈዋል።

«እትዬ፣ የእናቴ ነው። እኅቴን ልትጠይቅ ሄዳለች፤ ሳትመለስ አሳምረው ያድሱልኝ። ትደነቅ።»

ፍራሹ ጎንና ጎኑ ጎድጉዷል፤ በጉድጓዶቹ መካከል ደግሞ ደረቅ ጉብታ ከላይ እስከ ታች ተጋድሟል።

«ይኼ ፍራሽ ነው ወይስ የከብት ገንዳ?»

«እትዬ ይሙቱ፣ እኔ ከምነዳበት መንገድ ይሻላል» ብሎ ሳቀ።

በዚያ ሳምንት የሠራችው ሥራ ለራሷም አስገረማት። ጥጡን ነድፋ ነድፋ እንደ አረፋ አደረገችው። በአዲስ ጨርቅ ሰፋችው። አሮጌውን የፍራሽ ልብስ አጣጥፋ ለሾፌሩ መለሰችና፣ ፍራሹን ተሸክሞ ሲሄድ እንደ ሙሽራ በዓይኗ ሸኘችው።

ብዙም ሳይቆይ ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

«እትዬ፣ እናቴ እንቅልፍ አጣች። አሁን የምትተኛው ወለል ላይ ነው።»

ክው አለች። ከዚያ ደሟ ፈላ። መርፌና ሲባጎዋን በዘንቢል ጨምራ «ምራኝ!» አለችው።

ባልቴቷ ከብረት አልጋቸው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሜዳውን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እማማ። ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለው! እሱ ነው እንጂ ጣጣው። እጅሽ ይባረክ፣ ሥራሽ ንጹሕ ነው። ግን እኔ ጀርባዬን የማስደግፍበት ድንበር ነበረኝ። ከድንበሩ ወዲያ የሱ አገር፣ ወዲህ የኔ። ስንት ዘመን ተጨቃጭቀንበታል! ‹ሰውዬ እግርህን ሰብስብ፣ ድንበር ጣስክ› እለዋለሁ። ‹በረደኝ፣ አስጠጊኝ› ይለኛል።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መንገድ ላይ ቀረ። «ጀርባዬን ወደ ኋላ ሰድጄ ድንበሩ ሲነካኝ ያለ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሜዳ ላይ ብቻዬን ጣልሽኝ።»

ሾፌሩ ወደ መስኮቱ ዞረ። ፍራሽ አዳሿም ንዴቷ ጥሏት ጠፋ፤ ጭንቀቷ ግን ቀረ።

«እማማ፣ ከእኔ እጅ ጎርባጣ ወጣ ከተባለ ስሜ አለቀለት።»

«አንሶላ የሚባል ነገር አለኮ፣ ልጄ! አልጋዬን ገልጦ የሚያይ ማን ነው?»

ሳቋ አመለጣት። ወደ ሾፌሩ ዞራ አሮጌውን የፍራሽ ልብስ ጠየቀችው። ደግነቱ አልጣለውም፤ አውቶቡሱን ሊወለውልበት አስቀምጦት ነበር። በአዲሱ ፍራሽ ላይ ዘርግታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ጨርቁ ትከሻ ባረፈበት ሳስቷል፣ ዳሌ በተኛበት ወንፊት ሆኗል፣ ተረከዝ በፈተገው ተቀዷል። የሁለት ሰው ዕድሜ እንደ ካርታ ተነጥፏል።

ስፌቱን ተረተረች። ከዚህ ጥጥ ትቀንሳለች፣ እዚያ ትጠቀጥቃለች፣ በሲባጎ ወግታ ትስባለች። ሜዳ ማውጣት ለእሷ እንደ መተንፈስ ነው፤ ይኼ ግን ላብ በላብ አደረጋት። ባልቴቷም አለቃ ሆነው ቆመውባታል።

«የሱን ትከሻ አጠበብሽው! ሰውዬው በር የሚያክል ነበር።»

«ቆይ እማማ፣ ገና ነኝ።»

«ድንበሩንም አጥብቂው። እኔ እንደዋዛ የምገፋ ሴት አይደለሁም።»

ቀትር ሲያልፍ የመጨረሻውን ክር በጥርሷ በጠሰች። አንሶላው ተነጠፈ። ባልቴቷ ጫማቸውን አውልቀው በጎናቸው ተጋደሙ፤ ወደ ግድግዳው ዞሩና ጀርባቸውን ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሰደዱ። ጉብታው ተቀበላቸው። ፍራሽ አዳሿ ውጤቷን እንደሚጠብቅ ተማሪ መርፌዋን ጨብጣ ቆመች።

«እንዴት ነው እማማ?»

እጃቸው ወደ ኋላ መጣ፤ ድንበሩን ተሻግሮ ወዲያኛውን ጎድጓዳ አንዴ፣ ሁለቴ መታ መታ አደረገና እዚያው አረፈ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻቸው በእርጋታ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ።

ሾፌሩ «ተኛች?» በሚል ዓይን አያት። በኩራት ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ ያለ ፍራሽ ሠርታ አታውቅም፤ አባቷም አልሠሩም። ለማንም እንደማታሳየው ታውቃለች፤ ቢሆንም ጎንበስ ብላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ አንሶላው ከጉብታው ላይ እስከ ባልቴቷ ወገብ የሚወርድበትን ጠመዝማዛ መስመር ለረጅም ጊዜ አየችው።

ከዚያ መርፌዋን በሻሿ ጠርዝ ሰክታ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ «ደኅና ይዋሉ» እንኳ ሳትል ወጣች።