ቶርቫልድና አርባ አንዱ ጀልባዎች

ቶርቫልድ ሄገ መዶሻውን ሲያነሳ እኔ የማሽኔን ሞተር አጠፋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። በአናኮርቲስ፣ በዚህች የአሜሪካ የወደብ ከተማ፣ ያገለገለ ጀልባ ሊገዛ የሚመጣ ሰው አብዛኛው በእኔ ቀበቶና በእሱ መዶሻ በኩል ያልፋል። እኔ ጀልባውን ከውሃ አውጥቼ በሁለት ሰፋፊ ቀበቶዎች አንጠለጥለዋለሁ፤ እሱ ከሥሩ ገብቶ የጀልባውን ሆድ በትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ስንዝር በስንዝር ይመታል። ሆዱ የተሠራበት ፋይበር ግላስ ጤነኛ ከሆነ «ቃ» ይላል። ውሃ ሰርጎ ከውስጥ አላቅቆት እንደሆነ «ድፍ» ይላል። ያን ጊዜ ቶርቫልድ ቦታውን በቢጫ ጠመኔ ይከብበዋል። ሥራው ይኸው ነው። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል።

ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። አባቱም አያቱም ከኖርዌይ የመጡ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ እሱ ግን የራሱ ጀልባ ኖሮት አያውቅም። «ለምን?» ብዬ ጠይቄው ነበር አንድ ቀን። «ሁሉንም አንኳኳኋቸው እኮ!» አለኝ። ደላሎች አይወዱትም። አንዱ ተናዶ «አንተ ጀልባ ገዳይ!» ቢለው፣ «እኔ ያልገደልኩትን ባሕሩ ይገድለዋል፤ ያውም ከነባለቤቱ» ብሎ ጠመኔውን ኪሱ ውስጥ ከተተና ሄደ። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ደስ ይለኛል። ቁጡ ነው፣ ሰው አያባብልም፣ የገዢ እንባ አይቶ ቃሉን አይለውጥም። ጡረታቸውን ይዘው፣ ቤታቸውን ሸጠው፣ «ትሮለር ገዝተን አላስካ እንሄዳለን» እያሉ የሚመጡትን ባልና ሚስት ከራሳቸው ፍቅር የሚያድናቸው እሱ ነበር። ትሮለር መልኩ የዓሣ አጥማጅ የሆነ፣ ቀስ እያለ ሩቅ የሚሄድ፣ ውስጡ ግን ቤት የሆነ ጀልባ ነው። ሰው ውጩን ሳይሆን ወጥ ቤቱን አይቶ ነው ልቡ የሚጠፋው።

ግቢያችን አንድ ደንብ አለው፤ የሚያነሳ አይናገርም። በእኔ ቀበቶ ላይ ስለተንጠለጠለ ጀልባ አንዲት ቃል አልተነፍስም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ተናግሮ ደላሎቹ በሙሉ ጀልባቸውን ወደ ሌላ ግቢ አዞሩና ያን በጋ ማሽኑ ላይ የባሕር ወፍ ሲሰፍርበት ከረመ። እኔ ስቀጠር መጀመሪያ የተነገረኝ ይኸ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ከብርዱ ወራት ጀምሮ ቶርቫልድ ጆሮው እየከዳው ነው እየተባለ ይወራ ነበር፤ ከእሱ በቀር ሁሉም ያወራል። ስልክ ማንሳት ትቷል፤ «ጻፍልኝ» ይላል። አንድ ጠዋት «ጉልበትህ እንዴት ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ከሰሜን ነው የሚነፍሰው፣ ከሰዓት በኋላ ይበርዳል» አለኝ። ሳቅኩና አለፍኩት። የሳቅኩት ግን አስቂኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በመጋቢት ልጄ ማሪከ ከባሏ ጋር ትሮለር ስትገዛ ጀልባዋን የመረመራት ቶርቫልድ ነው። እኔ ነኝ የለመንኩት፤ የሠርግ ስጦታዬ ይኸ ይሁን ብዬ። አሁን ሁለቱም ወደ አላስካ እየሄዱ በሰሜን ደሴቶች መካከል ናቸው። የቶርቫልድ ጆሮ የለም ማለት፣ ልጄ የተኛችበትን ጀልባ ማንም አልመረመረውም ማለት ነው። ስለዚህ ጆሮው ጤነኛ ነው አልኩ። ሰው ያልፈለገውን ነገር ላለማወቅ ስንት መንገድ አለው!

በሰኔ፣ አንድ ሐሙስ፣ ሎርናና ዌንደል ፕሩስኪ መጡ። ከባሕር ርቃ ካለችው ከያኪማ ናቸው። እሷ የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ኃላፊ፣ እሱ የፖም እርሻ ውሃ አጠጪ ነበሩ። ቤታቸውን ሸጠው ሁለት ዓመት ሙሉ ጀልባ ሲያዩ ከርመዋል፤ ይቺኛዋ አሥራ አንደኛዋ ናት። ታይዋን ውስጥ የተሠራች፣ አርባ ዓመት የሞላት፣ ነጭና አረንጓዴ ትሮለር። ሎርና ሳምንት ቀደም ብላ የመስኮቶቹን መጋረጃ ለክታ አሰፍታለች። እኛ ግቢ ውስጥ «መጋረጃ የለካ ገዝቷል» እንላለን። ደላላው ክሊፍም ይህን አውቆ፣ «ከሲያትል አንድ ሌላ ሰው ዓይኑን ጥሎባታል፣ ቶሎ ብንጨርስ ይሻላል» ይላቸዋል። ያ የሲያትል ሰው ክሊፍ በሚሸጠው ጀልባ ሁሉ ላይ ዓይኑን የሚጥል ሰው ነው።

ለምርመራ የሚነሳ ጀልባ በምሳ ሰዓት ነው የሚነሳው። ስድስት ሰዓት ላይ አወጣዋለሁ፣ ሠራተኛው ምሳውን ሲበላ ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ውሃው ይመለሳል። አንድ ሰዓት ብቻ። አነሳኋት፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ጸጥ አለ። ቶርቫልድ ከኋላዋ ጀመረ።

ቃ። ቃ። ቃ። ቃ።

በጭስ የደረቀ ሳልሞን የገባበት ዳቦዬን እየበላሁ ነበር። ግራውን ጨርሶ ወደ ቀኝ ዞረ። ወደ አፍንጫዋ ሲቃረብ፣ ውሃ ውስጥ በሚቀረው ክፍል ላይ፣ ድፍ አለ። ድፍ። ድፍ። እኔ ሠላሳ እርምጃ ርቄ ሰማሁት። ቶርቫልድ አልቆመም፣ ጠመኔውን አላወጣም፣ እየመታ አለፈ።

ዳቦዬን አስቀመጥኩ። ክሊፍን አየሁት፤ ጫማውን ያያል። ዌንደል ጀልባዋን አፉን ከፍቶ ያያል፤ እሱ የሚያየው ጀልባዋን ሳይሆን አላስካን ነው። ሎርና ቀና ብላ ቶርቫልድን አየችው፣ ከዚያ አቀረቀረች። ተሳስቼ ነው አልኩ። ቀበቶው ደግፎት ይሆናል አልኩ። ቀበቶው ግን ከዚያ ቦታ ሁለት ሜትር ይርቃል።  ይህን ካልሰማ፣ በመጋቢት ምን ሳይሰማ አልፎ ይሆን?

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ቶርቫልድ እጁን እየጠረገ ወጣ።

«ጤነኛ ሆድ ነው» አለ።

ዌንደል ሚስቱን እቅፍ አደረጋት። እሷ አልሳቀችም።

«በል ጌሪት፣ አውርድልን!» አለ ክሊፍ።

ማሽኑ ላይ ወጣሁ። ቁልፉን ይዤ ተቀመጥኩ። ቁልፉን ባዞረው ጀልባዋ ወደ ውሃው ትመለሳለች፣ እነዚህ ሰዎች ከሰዓት በኋላ ይፈርማሉ፣ በሐምሌ የመጨረሻ ሳምንት ማዕበል ውስጥ ይገባሉ። ባላዞረው ደግሞ የሃያ ሁለት ዓመት ወዳጄን በሰው ፊት ላዋርደው ነው። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ወረድኩ።

ቶርቫልድ ጀርባውን ሰጥቶኝ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ በእርሳስ ይጽፍ ነበር። ሦስት እርምጃ ሲቀረኝ ጠራሁት።

«ቶርቫልድ!»

ክሊፍ ዞረ። ዌንደልና ሎርና ዞሩ። ከበርሜል ላይ ወፍ ተነስታ በረረች። ቶርቫልድ መጻፉን ቀጠለ። ሁላችንም አየነው። ትከሻውን ስነካው ብቻ ደንግጦ ዞረ።

«ቀኙን፣ ወደ አፍንጫው ጋ፣ ደግመህ ምታው» አልኩት።

«መትቼዋለሁ።»

«ደግመህ ምታው።»

ከንፈሬን ነበር የሚያየው። ፊቱ ቀላ። «ሃያ ሁለት ዓመት ስታነሳ ኖረህ ዛሬ መርማሪ ሆንክ?»

«ጌሪት» አለ ክሊፍ፣ «የሚያነሳ አይናገርም። ረሳኸው?»

«ዛሬ ይናገራል። ሂድና ለአለቃዬ ንገረው።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች ሎርና።

ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «እዚያ ጋ ሲደርሱ የበሰበሰ ሐብሐብ ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ነው ያለው። ሠላሳ ዓመት ሐብሐብ እያንኳኳሁ ለልጆች ስገዛ ኖሬያለሁ። ግን እኔ ማን ነኝ ብዬ … እሳቸው ናቸው የሚያውቁት ብዬ ዝም አልኩ።»

«እንዴ ሎርና፣ ለእኔስ አትነግሪኝም?» አለ ዌንደል።

«ደስ ብሎህ ነበራ!»

ቶርቫልድ እያንዳንዳችንን በየተራ አየን። ክሊፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። «አንተስ?» ክሊፍ እንደገና ጫማውን አየ። እዚያ ግቢ ውስጥ ሊሰማ የተቀጠረው አንድ ሰው ነበር፤ ያልሰማውም እሱ ብቻ ነበር። የሰማነው ደግሞ ሁላችንም አፋችንን ይዘን ቆመናል። ያን ጊዜ ያፈርኩት በእሱ አይደለም።

ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን መዶሻውን ለሎርና ዘረጋላት።

«እርስዎ ይምቱ። ድምፁ ሲለወጥ እጅዎን ያንሱ። እኔ ምልክት አደርጋለሁ።»

መታች። ቃ፣ ቃ፣ ድፍ። እጇን አነሳች፤ ነጥብ አደረገ። እንደገና መታች። ነጥቦቹን ሲያገናኛቸው መጀመሪያ የሰሐን ያህል፣ ከዚያ የገበታ ያህል፣ በመጨረሻ የበር ያህል ሆኑ። ጠመኔው አለቀ። ሰባት ሰዓት አልፏል፤ ሠራተኞቹ ከምሳ ተመልሰው ቆመው ያያሉ። ዌንደል የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ይቺን እንዳትገዙ» አላቸው ቶርቫልድ። «ጤነኛ ናት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነበር። ጆሮዬ አይሰማም።»

ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ሎርና ክንዱን ያዝ አደረገችው። «መጋረጃው ለአሥራ ሁለተኛዋ ይሆናል» አለች፤ አለቀሰችም። ክሊፍ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወደ መኪናው ሄደ፤ መቼም ያን የሲያትል ሰው ሊፈልገው ይሆናል።

እነሱ ሲሄዱ ቶርቫልድ የጀልባ መደገፊያ እንጨቶቹ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ከንፈሬን እንዲያይ ፊት ለፊቱ ዞርኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቀኙ በኅዳር ሄደ። ግራው ይበቃኛል ብዬ ነበር። መዶሻው እጄ ላይ ሲነጥር ይሰማኛል፣ ድምፅ ባይሰማኝም በእጄ አውቀዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።» ደብተሩን ፈታና ወደ ኋላ ገለጠ። ጣቱን በስሞቹ ላይ አንድ በአንድ አወረደ። «ከኅዳር ወዲህ አርባ አንድ ጀልባዎች ናቸው። አርባ አንድ ቤተሰብ ጀልባችሁ ጤነኛ ነው ስላልኳቸው ባሕር ላይ ነው።» ደብተሩን ዘጋው። «መጀመሪያ የማሪከን» አለ።

ቀኑን ሙሉ ስሸሸው የዋልኩትን ነገር እሱ ተናገረው። ወዲያው ደወልኩላት። «አባዬ፣ ምነው ድምፅህ?» አለች ገና ሳልናገር። ነገርኳት።  ከዚያ ያሉበት ትንሽ ወደብ ላይ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ከዳርቻው ሲሸሽ ጀልባ ደረቁን የሚቆምበት የእንጨት ርብራብ እንዳለ፣ በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ውሃው እንደሚሸሽ ነገረችኝ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እያልኩ ሌላውን ሰው ስመክር የኖርኩ ሰው ነኝ። ከብርዱ ወራት እስከ ሰኔ አፌን ዘግቼ ልጄን ያን ሁሉ መንገድ ላክኋት።

በማግስቱ ቶርቫልድ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ነበር። ጢሙን ተላጭቷል፤ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለብሷል።  አራት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ።

«ጀልባዋ ደረቁን ቆማለች» አለች ማሪከ። «ባሌ ስልኩን ይይዛል፣ እኔ እመታለሁ። የት ልጀምር?»

«ከኋላ፣ በግራ» አልኳት።

ቃ። ቃ። ቃ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ይዤዋለሁ። ቶርቫልድ ፊት ለፊቴ ቆሟል። ስልኩን አያይም፤ ፊቴን ነው የሚያየው። ቅንድቤ በተነሳ ቁጥር የእሱ ትንፋሽ ይቆማል። አንድ ጊዜ መዶሻዋ አምልጧት ሌላ ድምፅ ሲሰማ ደነገጥኩ፤ እሱ አጠገቡ ያለውን የመደገፊያ እንጨት ያዘ። «ይቅርታ አባዬ፣ ወደቀብኝ» አለች። ግራው አለቀ። ቀኙ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። አፍንጫዋ ጋ ስትደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ወዲያው ግን ቶርቫልድ ፊቴን እያነበበ መሆኑ ትዝ ብሎኝ ገለጥኩት።

ቃ። ቃ። ቃ።

«አለቀ» አለች።

 «ጤነኛ ናት» ለማለት ለቶርቫልድ ራሴን ነቀነቅኩ።

«እያባበልከኝ አይደለም?» አለኝ።

«በልጄ አልዋሽም፣ ቶርቫልድ።»

ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የማሪከን ስም በእርሳስ ሠረዘ። ከዚያ ደብተሩን ወደ እኔ አዞረውና ጣቱን በሚቀጥለው ስም ላይ አደረገ። ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ነበሩ፤ አስታወስኳቸው፣ ጀልባቸውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«አንተ ደውልላቸው» አለኝ። «እኔ ፊትህን አያለሁ።»

ማሽኑ ላይ ለስድስት ሰዓት የተቀጠረ ጀልባ ነበር። ይጠብቅ ብዬ ቁጥሩን መታሁ።