የመምህሩ ቀይ መኪናና የኔ አፍ

ነገሩ ከሆነ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ግን ፍሪሲዮን በፈታሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ፍሪሲዮን ደግሞ በየሳምንቱ ነው የምፈታው፤ ማረፊያ የለኝም።

መቐለ ሓድነት ሰፈር ጋራዥ አለኝ። መካኒክነት ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም፤ ሞተሮቹ ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ሰፈሩ «ዶክተር» ይለኛል። ስሙን ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ቢሆንም ይሉኛል።

አንድ ወጣት መምህር ቀይ፣ ሁለት በር፣ በደህናው ጊዜ እንደ ጥይት የምትበር የጣልያን መኪና አስጎትቶ መጣ። የሟች ታላቅ ወንድሙ ነበረች። ሞተሯ ተቃጥሏል፣ መለዋወጫዋ ከየትም አይገኝም። የወንድሙ ተዝካር ከወር በኋላ ዓዲግራት ነው።

«ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት በሱ መኪና እናቴ ግቢ መግባት እፈልጋለሁ» አለኝ።

«ኣጆኻ፣ አይዞህ! የጭነት መኪና ሞተር እገጥምላትና ዓዲግራት ድረስ እየዘፈነች ትሄዳለች!» አልኩት።

ከአንድ አሮጌ ትንሽ የጭነት መኪና ሞተሩን ከነማርሽ ሳጥኑ፣ ከነካምቢዮው ፈታን። ክሬን የለኝም፤ ፓራንኮ ብረት ላይ አስሬ በሰንሰለት ነው የማነሳው። መጀመሪያ ስናስገባው ኮፈኗ አልዘጋ አለ። አወጣነው። ሁለተኛ ስናስገባው የዘይት መያዣው ከመሪው ብረት ጋር ተላተመ። አወጣነው። መምህሩ ክፍል ሲጨርስ ቱታ ለብሶ ያግዘኛል። እኔ ደግሞ ሲደክመኝ አፌ ይብሳል። «ይሄን ሞተር የሠሩት ሰዎች ቢያዩኝ አለቃ ያደርጉኝ ነበር» እላለሁ፤ ጎረቤት ይስቃል።

ዓርብ ከሰዓት ለሦስተኛ ጊዜ አስገባነው። መምህሩ በማግስቱ ጠዋት ወደ ተዝካሩ መንገድ አለው። ተነሣች! ድምጿ የጭነት መኪና ነው፤ ግን ተነሣች። ጎረቤት አጨበጨበ። ፍሪሲዮን ረግጬ ማርሽ ሳስገባ ተንጫጫ እንጂ አልገባም። አጠፋሁና ማርሹን አስገብቼ፣ ፍሪሲዮኑን እንደረገጥኩ ሳስነሣት ዘላ የቆርቆሮ አጥሬን ጥሳ ወጣች።

ከሥሯ ተኝቼ ሳስብ ገባኝ። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያያይዘውን ክብ የፍሪሲዮን ሸራ ገልብጬ ነው ያሰርኩት፤ ቢረገጥም አይለቅም። ለማስተካከል ሁሉም እንደገና መውረድ አለበት። ቢያንስ ሦስት ቀን። ወገቤ አልቋል።

«መምህር፣ ሸራው…» ብዬ ጀመርኩ።

«ተገልብጧል» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሲያስሩት አይቼ ነበር። ስንፈታው እብጠቱ ወደ ካምቢዮው ነበር።»

«ዋእ! አይተህ ዝም አልከኝ?»

«እርስዎ የሚያውቁት ነገር ይኖራል ብዬ ነው። ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ብዬ ላርምዎት?»

ተነሥቼ የወደቀውን ቆርቆሮ መሰብሰብ ጀመርኩ።

ጠዋት መናኸሪያ ሸኘሁት። በሚኒባስ ሄደ። መኪናዋን እናቱ ግቢ ያስገባት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ዘመድ ሁሉ ተበትኗል። እናትየው የመኪናዋን ድምፅ ሲሰሙ የጭነት መኪና የመጣ መስሏቸው ከቤት አልወጡም ነበር፤ እሱ ገብቶ ነው የጠራቸው። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ጉራዬን ትቻለሁ ብል ማንም አያምነኝም። ግን ዛሬ ቡሎን ከማጥበቄ በፊት አፌን እዘጋና አጠገቤ የቆመውን ሰው «ምን አየህ?» እላለሁ።

«ምንም» ይለኛል።

እውነቱን ይሁን እኔን ማረም አፍሮ፣ እስካሁን መለየት አልቻልኩም።